ለፕሮግራም የሚበቃው ሥልጣን

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወገኖቼ፤

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2013 በሁለት የኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች ላይ፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ሦስት ጊዜ የስለላ ሶፍትዌር ተላከ። ከተላኩት ፋይሎች አንዱ የዎርድ ሰነድ ነበር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ጥናት፣ ሶፍትዌሩ የሚላኑ የሃኪንግ ቲም ኩባንያ ምርት እንደሚመስል ገለጸ። ዛሬ ስለ ላኪው አልናገርም። የምጠይቀው ይህን ነው፤ ሰነድ ከፍቶ ከማሳየት ያለፈ ሥራ የሌለው ፕሮግራም፣ ሰላይ የማስነሣት ሥልጣን ከየት አገኘ?

ከከርነሉ ነው። ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ ፋይል ለመክፈትም ሆነ ካሜራ ለማብራት የፈለገ ሁሉ እሱን ይጠይቃል። የሊኑክስ ከርነል ከ300 በላይ የጥያቄ ዓይነቶችን ያስተናግዳል፤ ተራ ፕሮግራም የሚሻው ጥቂቶቹን ነው። ለሠርግ አሳላፊ የጎተራ ቁልፍ አይሰጠውም፤ ለፕሮግራም ግን ሁሉንም ስንሰጥ ኖረናል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሊኑክስ ሴክኮምፕ የተባለ ገደብ አስገባ። ገደቡ ውስጥ የገባ ፕሮግራም ከማንበብ፣ ከመጻፍ፣ ከመውጣትና ከሲግናል ከመመለስ በቀር ምንም አይፈቀድለትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የፕሮግራሙ ጸሐፊ የሚፈቀደውን ራሱ የሚመርጥበት ማጣሪያ መጣ። እኔ አብልጬ የማደንቀው ኦፕንቢኤስዲ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሌጅ ነው፤ ፕሮግራሙ ከዚህ ወዲያ የሚያስፈልገውን ለይቶ ለከርነሉ ቃል ይገባል፤ ቃሉን ሲያጥፍ ከርነሉ እዚያው ይገድለዋል።

ፕሮግራም በራሱ ላይ የሚጥለው ገደብ የማይመልሰው አደጋ ግን አለ። ሰነድ መስሎ የመጣን ፕሮግራም በገዛ እጃችን ብናስነሣው፣ አጥፊ በራሱ ላይ ገደብ አይጥልም። ገደቡ ከውጭ መምጣት አለበት። አንድሮይድ እያንዳንዱን አፕ እንደ ተለየ ተጠቃሚ ቆጥሮ አንዱን ከሌላው ፋይል ያግዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ ስሪት 8 ወዲህ ደግሞ የሴክኮምፕን ማጣሪያ በአፖች ሁሉ ላይ ጥሏል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከነፋስ መውጫ እስከ መካነ ኢየሱስ የሰው ገንዘብ ስልኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ማጣሪያ የሌለው አሮጌ ስሪት የተጫነበትን ስልክ በርካሽነቱ ብቻ መግዛታችን አጥብቆ ያሳስበኛል።

በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የምትማሩ ልጆቻችን፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ላንድሎክ የተባለው ገደብ ሊኑክስ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው ፕሮግራም እንኳ የሚነካቸውን ፋይሎች በራሱ ላይ መገደብ ይችላል። ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል መዝገብ ስትሠሩ፣ ፕሮግራማችሁ ከመዝገቡ ፎልደር በቀር ምንም እንዳይከፍት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ጻፉት።