ሜዳን ከሽንሸና የሚጠብቀው ምንድን ነው? የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ከተሞች የመጫወቻ ቦታዎች



ስለ ከተማ መናፈሻ ሲነሣ ሐሳባችን ፈጥኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የተከፈቱት የአንድነት፣ የእንጦጦና የወዳጅነት ፓርኮች ለብዙዎቻችን የመናፈሻ ትርጉም ሆነዋል፤ አጥር፣ በር፣ የተከረከመ ሣር። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ነፋስ መውጫ፣ ስለ ዐርብ ገበያ፣ ስለ ወገዳና ስለ መካነ ኢየሱስ ነው። እነዚህ ከተሞች ያንን የሚያህል በጀት የላቸውም። ያላቸው ሜዳ ነው፤ ጥያቄዬም ሜዳው ተሸንሽኖ እንዳያልቅ የሚጠብቀው ምንድን ነው የሚል ነው።

በአገራችን ሜዳ ያለ ሥራ ውሎ አያውቅም። ታኅሣሥ 29 የገና ጨዋታ ይደረግበታል፤ በጥምቀት ታቦት ያርፍበታል፤ በሌላው ጊዜ ኳስ ይጠለዝበታል፣ ከብት ይግጥበታል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነገር ይሰማበታል። ይህ ሁሉ በከተማ ካርታ ላይ አይታይም። ቀያሹ የሚያየው ነጭ ወረቀት ነው። 105 በ68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ 7140 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ መንገድ ሳይቀነስ በ200 ካሬ ሜትር ቢከፈል 35 የቤት ቦታ ይወጣዋል። ቤት ፈላጊ በበዛበት ከተማ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም፤ የሚፈተነውን ሹም ብቻ መውቀስም ተገቢ አይመስለኝም።

ሕግስ የለም ወይ? አለ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ያዛል። የፕላን መመዘኛውም ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይመድባል። ነገር ግን ተራራማ በሆነ አገር ይህን 30 በመቶ በገደል፣ በወንዝ ዳርና በባሕር ዛፍ መሙላት ይቻላል። ቁጥሩ ይሞላል፤ ልጁ ግን የሚሮጥበት ደልዳላ መሬት አያገኝም። ስለዚህ የፕላን ተማሪ ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ተዳፋትነቱንና ከቤት ያለውን ርቀት ጭምር ይጠይቅ እላለሁ።

ጃን ሜዳን ተመልከቱ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ፤ ሜዳውም ለወራት በጭቃና በቆሻሻ ተሞላ። የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ግን ገበያው ተነሣ፣ ሜዳው ተጠረገ፣ በዓሉም በቦታው ተከበረ። ሜዳውን ያስመለሰው የማይቀር ቀጠሮ ነበር፤ ምእመናኑ በየዓመቱ ይመጣሉ፣ ሯጮችም ለአገር አቋራጭ ውድድራቸው ይፈልጉታል። ባለ ብዙ ቀጠሮ የሆነን ሜዳ በድብቅ መሸንሸን አይቻልም። በእኛም ከተሞች በየሜዳው ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሚገለገል ተመዝግቦ ከፕላኑ ጋር ቢያያዝ ከሽቦ አጥር የበለጠ ይጠብቀዋል ብዬ አምናለሁ።

የጨዋታ ቀጠሮው ግን በአብዛኛው የወንዶች ነው። ሴት ልጆች ውኃ ቀድተው፣ ቤት አግዘው በሚተርፋቸው ጥቂት ጊዜ ርቆ ወደሚገኝ ሜዳ አይሄዱም፤ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱት ደጃፍ ላይ ነው። ለእነርሱ ከአንድ ትልቅ ሜዳ ይልቅ ከውኃ ቦኖ አጠገብ የተደለደለች ትንሽ ቦታ ትሻላለች።

የአየሩም ጠባይ አይዘንጋ። ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከነፋስ ለመከለል ድፍን ግንብ አይመከርም፤ ነፋሱ በላዩ ዘልሎ ከኋላው ይሽከረከራል። ነፋስ በከፊል የሚያሳልፍ የዛፍ ረድፍ ግን ከቁመቱ አሥር እጥፍ ያህል ርቀት ያስታግሳል፤ አምስት ሜትር የደረሰ የጽድ ረድፍ እስከ 50 ሜትር ማለት ነው። ባሕር ዛፍ ሲያድግ ግንዱ ከሥር ስለሚራቆት ነፋሱን በልጆቹ ቁመት ልክ ያሳልፈዋል።

ስለ ስኬትቦርድ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። አዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. የኮንክሪት ስኬት ፓርክ አግኝታለች፤ ወጣት ስኬተሮችና ከውጭ የመጡ ፈቃደኞች በጋራ ሠርተውታል። በእኛ ዘንድ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም በእንጨትና በኩሽኔታ ጋሪ ሠርቶ ቁልቁለት የሚንሸራተት ልጅ ፍላጎቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ የእርሱ ቁልቁለት የጭነት መኪና የሚያልፍበት አስፋልት መሆኑ ነው። ከመኪና የተለየ አንድ ለስላሳ የኮንክሪት ተዳፋት፣ ግርጌው ላይ ማቆሚያ ያለው፣ ጥያቄውን ይመልሳል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገብቶ ነበር፤ ከ2015 ወዲህም ክልሉ ሰላም አላገኘም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ጨዋታ መነጋገር ያሳፍራል የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። የፈረሰ ክሊኒክ ግን በበጀት ይታደሳል፤ ቤት የተሠራበትን ሜዳ ለማስመለስ ቤተሰብ ማፈናቀል ያስፈልጋል። ዛሬ ለመመዝገብና ድንበር ለመትከል የሚያስፈልገው ቀያሽ፣ ጥቂት የድንጋይ ምልክትና በቀበሌው ስብሰባ የሚፈረም ቃለ ጉባኤ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ከደብሩ አስተዳዳሪ፣ ከኳስ ቡድኑና ከከብት ባለቤቶቹ ጋር የውኃ ቀጂዎቹ ሴቶችም ይፈርሙ።