ኃያል አገርን አጥንቶ ስለ ማወቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ጓደኞቻችንን ወክለን ዛሬ የምንናገርበት ነገር ለካምባ ልጆች የራቀ ይመስል ይሆናል። ይኸውም አንዲት አገር ከእርስዋ ከሚበልጥ ኃያል መንግሥት ጋር ስትገናኝ፣ ያንን መንግሥት ጠንቅቀው የሚያውቁ ሊቃውንት በዩኒቨርሲቲዎችዋ ስለ ማፍራት ነው።

ነገሩ ግን ከቤታችን አይርቅም። እኛ በቤታችን ጋሞኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ የምንናገር ነንና፣ በማስተርጐም ጊዜ አንዲት ቃል ብትሳሳት ምን ያህል ጠብ እንደምታመጣ እናውቃለን። በአገር ጉዳይ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ አጋዥነት ለመጠቀም እንደሚቻላቸው በአማርኛው ይናገራል። የኢጣልያ መንግሥት ግን የራሱን ቋንቋ ጽሑፍ ይዞ ነገሩን ግዴታ አደረገው። ይህም ልዩነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ኃያላኑም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው ይጠናናሉ። በአሜሪካ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1946 የሩስያ ጥናት ተቋም አቆመ። ተማሪዎቹ ከቋንቋው ጋር የሩስያን ታሪክ፣ ኢኮኖሚ፣ ሕግና ሥነ ጽሑፍ ይማሩ ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ባስወነጨፈች ጊዜም፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1958 ባወጣው የትምህርት ሕግ ለውጭ ቋንቋዎችና ለውጭ አገሮች ጥናት ገንዘብ መደበ።

ዛሬ ኢትዮጵያ አጥብቃ ልታውቃቸው ከሚገቡ አገሮች አንድዋ ቻይና ናት። የሁለቱ አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት በ1963 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር መሥመር የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ከወጪውም ብዙው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። በ2013 ዓ.ም. አገራችን ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት ጠየቀች፤ ለዚህ የተቋቋመውን ያበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ የመሩትም ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ ይሰጣል፤ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ቋንቋ በር እንጂ ቤት አይደለም። ውሉን የሚመረምር የሕግ ሰው፣ ወለዱን የሚያሰላ የኢኮኖሚ ሰው፣ የዚያን መንግሥት አሠራር የሚያውቅ የፖለቲካ ሰው ባንድነት የሚያጠኑበት ክፍል ያስፈልጋል። አጠገባችን ያለው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ጀምሮ ዛሬ ብዙ ዓይነት ትምህርት ይሰጣል። እንዲህ ያለውስ ጥናት ለምን አይስፋፋበትም?

አንዳንድ ወላጆች፦ «ልጄ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ቢሆን ይሻለኛል፤ የባዕድ አገር ጥናት ምን እንጀራ ይሆነዋል?» ይሉ ይሆናል። ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የአገርን ብድር በመጨረሻ የሚከፍሉት ገበሬውና ሸማኔው መሆናቸውን እናስተውል። ውሉን ሳያውቅ የሚፈርም ሰው በነርሱ ላብ ላይ ይፈርማል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለውም ለዚህ ነው።

የጋሞ ሽማግሌዎች በዱቡሻ ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን ቃል ሳይሰሙ አይፈርዱም። እኛም የዚያኛውን ወገን ቃል በራሱ ቋንቋ ሰምተን፣ የራሳችንን ጥያቄ ይዘን ወደ ጉባኤው እንቅረብ። ከዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጥነው መካከል ያን ሥራ የሚሠራ ይነሣ ዘንድ ምኞታችን ነው።