የየቲሞች ገንዘብና የውርስ ገቢ ግብር
(በአሜሪካ ለሚኖሩ ቤተሰቦችና ለጋሾች የተደረገ ንግግር)

 

ስለ የቲም ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ምግቡ፣ ስለ ልብሱና ስለ ትምህርቱ ነው። ዛሬ የማነሳው ግን አባቱ ትቶለት ስለሄደው ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ በልጁ እጅ እስኪገባ ድረስ በአሜሪካ ሕግ ራሱን የቻለ ግብር ከፋይ ነው። ይህን ሳያውቅ የኑዛዜ አስፈጻሚነትን የሚቀበል አጎት ጥቂት አይደለም።

በመጀመሪያ የሚደባለቁትን እንለይ። ሟቹ እስከ ሞተበት ቀን ያገኘው ገቢ ለመጨረሻ ጊዜ በራሱ ስም በፎርም 1040 ይገለጻል። ከዚያ ቀን በኋላ ንብረቱ ያስገኘው የቤት ኪራይ፣ የአክሲዮን ትርፍና የባንክ ወለድ (ወለዱን ከሸሪዓ አንጻር ምን እናድርገው የሚለው ለዑለማዎች የሚቀርብ ሌላ ጥያቄ ነው) የውርሱ ገቢ ሆኖ በፎርም 1041 ይቀርባል። ብዙዎች የሚፈሩት፣ በፎርም 706 የሚቀርበው የውርስ ግብር ደግሞ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2026 የሚሞትን የአሜሪካ ነዋሪ የሚመለከተው ንብረቱ ከ15 ሚሊዮን ዶላር የበለጠ እንደሆነ ነውና ከመካከላችን እምብዛም ሰው አይነካም።

ፎርም 1041 ግን ይነካናል። የውርሱ ጠቅላላ ገቢ በዓመት 600 ዶላር ከደረሰ መግለጫው መቅረብ አለበት። ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ዜግነትም ነዋሪነትም የሌለው፣ ለምሳሌ ወሎ ወይም ጅማ ያለ ልጅ ከሆነ፣ ገቢው ከ600 ዶላር ቢያንስም ግዴታው አይቀርም። አባት በሕይወቱ ሳለ ሊሽረው በሚችለው ትረስት ንብረቱን አስቀምጦ ከሆነም፣ ትረስቱ በሞቱ ራሱን የቻለ ግብር ከፋይ ስለሚሆን በዚሁ ፎርም ይገለጻል። ለዚህ ሁሉ አስፈጻሚው ከአይ.አር.ኤስ. ለውርሱ የተለየ መለያ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ በነጻ የሚሰጥ ነው፤ የሟቹን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መጠቀም አይቻልም።

አሁን የቲሙ ወደሚጎዳበት ቦታ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ያላገባ ሰው ከፍተኛውን የ37 በመቶ ግብር መክፈል የሚጀምረው ግብር የሚከፈልበት ገቢው ከ626,350 ዶላር ሲያልፍ ነው። ውርስና ትረስት ግን ከ15,650 ዶላር ሲያልፉ ከዚያው ጣሪያ ላይ ይደርሳሉ። የአንድ ሟች ቤት ወጪው ሁሉ ተነስቶለት በዓመት 20,600 ዶላር የኪራይ ገቢ አስገኘ እንበል። አስፈጻሚው «ልጆቹ እስኪያድጉ ይቀመጥ» ብሎ ቢይዘው፣ 600 ዶላሩ ተቀንሶለት እንኳ የፌዴራሉ ግብር ብቻ ከ5,300 ዶላር ይበልጣል። ያንኑ ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ ለሦስቱ ልጆች ቢያከፋፍል፣ ውርሱ ያከፋፈለውን ከገቢው ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ልጅም ድርሻው የተጻፈበትን ኬ-1 የሚባለውን ወረቀት ይቀበላል። እናታቸው በ12 በመቶው እርከን ውስጥ ያለች እንደሆነ የሦስቱም ግብር ተደምሮ ወደ 1,900 ዶላር ገደማ ነው። የእናትን እርከን ያነሳሁት የልጅ የኪራይ ገቢ በ2025 ከ2,700 ዶላር ሲያልፍ፣ ትርፉ በሕይወት ባለው ወላጅ መጠን ስለሚታሰብ ነው። ሁለቱም ወላጆች ከሌሉ በልጁ በራሱ መጠን ይታሰባል።

ዓመቱ አመለጠኝ ያለ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። አዲሱ ዓመት በገባ በ65 ቀናት ውስጥ የተከፋፈለው ገንዘብ ባለፈው ዓመት እንደተከፋፈለ እንዲቆጠር መምረጥ ይቻላል፤ ምርጫው ግን መግለጫው በጊዜው ሲቀርብ መገለጽ አለበት። አገር ቤት ላለ ተጠቃሚ ከአሜሪካ ገቢ ሲላክለት በአጠቃላይ 30 በመቶ ግብር ተቀንሶ ለመንግሥት ገቢ ይደረጋል፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ይህን የሚያቃልል የገቢ ግብር ስምምነት የለም። ስለዚህ ከሐዋላው በፊት ባለሙያ ይጠየቅ።

ለለጋሾች አንድ ነገር ልጨምር። ከውርሱ ገቢ ለበጎ አድራጎት የሚሰጠው ከግብር የሚቀነሰው ኑዛዜው ራሱ እንዲሰጥ ካዘዘ ነው። አስፈጻሚው በራሱ ደግነት ቢሰጥ አይቀነስም፤ በየቲም ገንዘብ ደግ መሆን ደግሞ የእርሱ ሥልጣን አይመስለኝም። ስለዚህ ወሲያ ስትጽፉ፣ ከሲሶ ሳታልፉ፣ ለየቲሞች የምትተዉት ከገቢው ጭምር እንዲከፈል በግልጽ ጻፉት።

የመንግሥት ዕዳ ሳይከፈል ንብረቱን ያከፋፈለ አስፈጻሚ ከኪሱ ሊጠየቅ ይችላል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ የየቲሙ ገንዘብ ሲሰጠው ምስክር እንዲቆም ታዟል፤ የቀረበ መግለጫና ለእያንዳንዱ ልጅ የተሰጠ ኬ-1 ከባንክ ደረሰኝ ጋር ሆኖ ሲቀመጥ ከምስክሮቹ ጎን የሚቆም ማስረጃ ነው። የሒሳብ ባለሙያው ክፍያም ከውርሱ ይወጣል፣ ከገቢውም ይቀነሳል፤ አጎት ከራሱ አይከፍልም።

ዓመቱን በዲሴምበር ለሚዘጋ ውርስ የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15 ነው። በፎርም 7004 የአምስት ወር ተኩል ማራዘሚያ ይገኛል፤ የሚራዘመው ግን ማቅረቢያው እንጂ ክፍያው አይደለም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።