ከሰመራ ሆኖ ጃፓንኛን መጻፍ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአዋሽ ሸለቆ የባዕድ አገር ቋንቋ ሲለመድ የኖረው በሥራ ላይ ነው። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከጣቢያዋ ጋር አብራ አደገች። በዚያ መሥመር ያገለገሉ የባቡር ነጂዎች፣ የጣቢያ ሠራተኞችና መካኒኮች ፈረንሳይኛን ያገኙት ከመጽሐፍ ይልቅ ከአለቆቻቸው አፍ ነበር፤ «ለገሃር» የሚለው ቃል ዛሬም ድረስ የዚያ ትምህርት ምስክር ነው። በቅርቡም የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የሚወስደውን ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ቻይናውያንም እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሠሩ፣ የአካባቢው ወጣት «አምጣ»ና «ያዝ» የሚሉትን ቃላት በቱርክኛና በቻይንኛ የለየው በዚያው በጥንቱ መንገድ ነው።

ጃፓንኛ ግን በሐዲድ አልመጣም። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጅቡቲ አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሰመራ፣ ጃፓንኛ የሚናገር አለቃ ወይም ጎረቤት ማግኘት ዘበት ነው። ቋንቋውን የሚሻ ወጣት መሐንዲስ ግን አይጠፋም። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ያስታወቀው «ኤ ቢ ኢ ኢኒሺዬቲቭ» የተባለው የትምህርት ዕድል አፍሪካውያን ወጣቶችን ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጃፓን ይወስዳል፤ በኩባንያዎች ውስጥ የሚደረግ የሥራ ልምምድንም ይጨምራል። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ብዙው ተማሪ ቋንቋውን እዚያው እደርስበታለሁ ብሎ ይነሣል። ይሁን እንጂ በፋብሪካው ውስጥ የማሽኑ መመሪያም፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያውም፣ የፈረቃው መዝገብም የሚጻፈው በጃፓንኛ ነው። መሐንዲስ ደግሞ መዝገብ ማንበብ ካልቻለ የመጣበትን ግማሹን ትቶ ይመለሳል።

ኢትዮጵያውያን ጃፓንን ከሩቅ ሲያደንቁ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጓል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በዚያ ዘመን ግን ስለ ጃፓን የሚነበበው በአብዛኛው በአውሮፓ ቋንቋዎች ነበር። በእኛም ዘመን ሁኔታው ብዙ አልተለወጠም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ «ካይዘን» የማያውቅ የፋብሪካ ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ በላቲን ሲጻፉ በ«ኤስ» ፊደል የሚጀምሩት አምስቱ የጃፓንኛ ቃላትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ተብለው «አምስቱ ማዎች» ሆነዋል። ይህ እጅግ የተዋጣ ትርጉም ነው። ጃፓንኛን የሚያስተምር ግን አይደለም።

እንግዲህ ወደ ቋንቋው ስንገባ፣ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ተማሪ ሳያውቀው የያዘው ሀብት አለ። ጃፓንኛም እንደ አማርኛ ግሡን ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያኖራል፤ ገላጩ ሐረግም ከስሙ ይቀድማል። «ትናንት የመጣ ሰው» ለማለት ጃፓኑ «ኪኖ ኪታ ሂቶ» ሲል ቃላቱ በአማርኛው ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። «ሄዶ፣ በልቶ፣ ተኛ» የሚለው አነጋገርም «ኢትቴ፣ ታቤቴ፣ ኔታ» ይባላል፤ ማሠሪያው ግሥ መጨረሻ ላይ እስኪመጣ ድረስ የቀደሙት ሁሉ ተንጠልጥለው ይቆያሉ። እንግሊዛዊው ተማሪ ወራት የሚደክምበትን ይህን ነገር የሰመራው ወጣት በአንድ ምሽት ይረዳዋል። ስለዚህ ጃፓንኛን በእንግሊዝኛ እያሰበ የሚማር ኢትዮጵያዊ አጭሩን መንገድ ትቶ በዙሪያው ይሄዳል።

ጽሕፈቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «ሂራጋና»ና «ካታካና» የተባሉት ሁለቱ የድምፅ ፊደላት እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ምልክቶች አሏቸው፤ በ231 ሆሄያት ለተኮተኮተ ሰው ቁጥሩ የሚያስፈራ አይደለም። ልዩነቱ የእኛ ከ፣ ኩ እና ኪ በመልክ ሲዛመዱ የጃፓኖቹ ምንም ዝምድና የሌላቸው መሆኑ ነው። ከእነዚህ በላይ «ካንጂ» የተባሉት ከቻይና የተወሰዱ ምልክቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ተሻሽሎ የወጣው የመንግሥት ሰንጠረዥ ለተለመደ አገልግሎት 2,136 ያህሉን ይዘረዝራል። የውጭ አገር ስም የሚጻፈው በካታካና ነው። እዚህ ላይ አዋሽ ችግር ታመጣለች፤ ጃፓንኛ በ«ሽ» የሚዘጋ ቃል ስለሌለው «አዋሹ» ትሆናለች። ሰመራም ብትሆን የግዕዙ «ሰ» በጃፓንኛ ባለመኖሩ ወይ «ሳማራ» ወይ «ሴሜራ» ተብላ ትጻፋለች። (በላቲን ፊደልም ቢሆን የከተማዋና የዩኒቨርሲቲዋ ስም አጻጻፍ ተስማምቶ አያውቅምና ጃፓኖቹን መውቀስ አይገባም።)

በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የሚጽፍ ሰው ድምፁን ሲመታ መሣሪያው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ቃላት ደርድሮ «የቱን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። «ኪሻ» ብሎ የመታ ሰው ጋዜጠኛ፣ የእንፋሎት ባቡር፣ «የእርስዎ ኩባንያ» ወይም «ወደ መሥሪያ ቤት መመለስ» ከሚሉት መምረጥ አለበት። ከሁሉም ለዐፋር ምድር የሚቀርበው ምሳሌ «ኤንጂን» ነው። በካታካና ሲጻፍ ሞተር ማለት ነው፤ በካንጂ ሲጻፍ ደግሞ በዝንጀሮና በሰው መካከል ያለውን የጥንት ፍጡር ያመለክታል። ጃፓናዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ጌን ሱዋ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1992 በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ በተባለው ስፍራ አንድ ጥርስ አገኙ፤ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የዚያ ፍጡር ስም «አርዲፒቴከስ ራሚደስ» ተባለ። «አርዲ» በዐፋርኛ መሬት፣ «ራሚድ» ደግሞ ሥር ማለት ነው። ጃፓኖች ፍጡሩን «ራሚዳሱ ኤንጂን» ይሉታል። ስለዚህ ዛሬ በጃፓን ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የሚያነብ ሰው አንድ የዐፋርኛ ቃል በካታካና ተጽፎ ያገኛል።

በመሆኑም ዋናው ጥያቄ የሚነሣው የተጻፈውን የሚያርመው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ፊደሉን ብቻውን ማጥናት ይቻላል፤ «ኪሻ»ን በስሕተት የመረጠ ሰው ግን የሚነግረው ከሌለ ስሕተቱን እንደ ትክክል ይዞ ያረጃል። በኢንተርኔት ላይ ይህን ለማሟላት የተሠሩ ስፍራዎች አሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን የተመሠረተው «ላንግ ኤይት» ነበር፤ ተማሪው በሚማረው ቋንቋ የዕለት ማስታወሻውን ይጽፋል፣ የቋንቋው ባለቤት ያርምለታል፣ እርሱም በተራው የሌላውን ያርማል። ይህ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ ተመዝጋቢ መቀበሉን አቆመ። ዛሬ «ሄሎቶክ»ና «ታንደም» የመሳሰሉት በስልክ ላይ የሚሠሩ የቋንቋ መለዋወጫዎች ቦታውን ይዘውታል፤ የጃፓን ፋውንዴሽን ያቋቋመው «ሚናቶ» የተባለው የትምህርት ስፍራም ከጀማሪ ደረጃ አንሥቶ ያስተምራል። ስፍራዎቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ስለዚህ አስተዋይ ተማሪ የታረመለትን ጽሑፍ ሁሉ በራሱ ደብተር ይገለብጣል።

በልውውጡ ላይ ኢትዮጵያዊው የሚያቀርበው ምንድን ነው? አብዛኛው ወጣት ያልተስተካከለ እንግሊዝኛውን ያቀርባል፤ ለዚህ ግን ጃፓኑ ከማኒላና ከለንደን የተሻለ አያጣም። አማርኛን የሚያቀርብ ሰው በአንጻሩ ተፎካካሪ የለውም። ፈላጊዎቹ በቁጥር ያነሱ ቢሆኑም ጽኑዎች ናቸው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተ የናይልና የኢትዮጵያ ጥናት ማኅበር አለ፤ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የኖሩ ጃፓናውያንም የለመዱት አማርኛ እንዳይጠፋባቸው የሚያወጋቸው ሰው ይሻሉ። እንዲህ ካለው ሰው ጋር የተጀመረ ልውውጥ ይሰነብታል። ዐፋሮች ይህን ሥርዐት ከማንም አስቀድመው ያውቁታል። በ«ዳጉ» ባህል ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ወሬ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም፤ የሰማ ማሰማት አለበት፤ በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውንም ለይቶ ይናገራል። ተቀብሎ ብቻ የሚሄድ ሰው እንደ ነውረኛ ይቆጠራል። በኢንተርኔቱ ልውውጥም ብዙ ጓደኝነት የሚፈርሰው አንዱ ወገን እየታረመ ሌላውን ማረም ሲሰለቸው ነው።

አንድ ነገር በዝርዝር መታየት አለበት፤ እርሱም አክብሮት ነው። በስልክ ጭውውት የሚገኘው ጃፓንኛ የእኩዮች ቋንቋ ነው። በእርሱ ብቻ የሠለጠነ ወጣት ለፕሮፌሰር ደብዳቤ ሲጽፍ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው ሽማግሌን «አንተ ና» እንደሚለው ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ አንቱታን ስለሚያውቅ ለጉዳዩ እንግዳ አይደለም። ይሁንና አማርኛ ሌላውን ከፍ ሲያደርግ ጃፓንኛ በዚህ ላይ ራስን ዝቅ ማድረጊያ ግሥ አለው። «ታቤሩ» በላ ነው፤ የተከበረው ሰው ሲበላ «ሜሺአጋሩ»፣ ተናጋሪው ራሱ በትሕትና ሲበላ «ኢታዳኩ» ይባላል። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰዋስውን በቅጽበት ያርማል፤ ሌሊትም ቀንም አይሰለችም፤ ለጀማሪ ትልቅ ረዳት ነው። ነገር ግን አይቀየምም። ደብዳቤው በደረሰው ሰው ፊት የሚታየውን ቅሬታ ያላየ ተማሪ ደግሞ የአክብሮቱን መጠን በልኩ ለማወቅ ይቸገራል። ስለዚህ መሣሪያው ቀድሞ ያርም፤ ሰው በኋላ ያንብበው።

ስለ ሰዓት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጃፓን ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠርም ከዓለም አቀፉ በስድስት ይለያል። ውጤቱ የሚያስገርም ነው፤ በአገር አቆጣጠር የተሞላ የሰመራ ሰዓትና የቶኪዮ ሰዓት ዘወትር አንድ ቁጥር ያሳያሉ። ሰመራ ከጧቱ 3 ሰዓት ሲል ቶኪዮ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ይላል። ከሥራ በኋላ በ11 ሰዓት ስልኩን የሚያነሣ ወጣት ግን የሚያገኘው ሊተኛ የተዘጋጀ ጃፓናዊ ነው፤ በዚያም ከሌሊቱ 11 ነውና። የተሻለው ጊዜ ማለዳ በ12 ሰዓት ነው። በቶኪዮ የምሳ ዕረፍት ይሆናል፤ በሰመራም ሙቀቱ ገና አልበረታም። መሥመሩ ግን ሁልጊዜ አይታመንም። በ2012 ዓ.ም. የሰኔ ወር ማብቂያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት መቋረጡ አይዘነጋም። እንዲህ ባለው ጊዜ የጃፓን ተማሪዎች የሚጠቀሙበትን 400 አራት ማዕዘን ያለው የጽሕፈት ወረቀት በማስመሪያ አስምሮ በየቀኑ አንድ ገጽ መሙላት እጅን ከመርሳት ያድናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን አንድ የማይመች ነገር ይቀራል። ከደጋው ለሥራ ወደ ሰመራ የመጣው ወጣት በጃፓንኛ የሚጽፍላቸው ከ120 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አሉት። የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ የቢሮው ዘበኛና የመስክ መሪው ለሚናገሩት ለዐፋርኛ ግን የመጻፊያ ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው። ዲሚስና ሬዶ በሚል ስም የሚታወቁት ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በላቲን ፊደል ያደራጁት «ቃፋር ፌራ» ሥርዐቱ ግልጽ ነው፤ «ዐ»ን በኪው፣ «ሐ»ን በሲ ፊደል ይጽፋል፤ ከካንጂ ጋር ሲነጻጸር የአንድ ሳምንት ጥናት ነው። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2020 ዐፋርኛ ከፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን መወሰኑን አስታውቋል። ሆኖም በዐፋርኛ ተከፍቶ የነበረው የዊኪፔዲያ ክፍል ጽሑፍ በማጣት ተዘግቷል። ዐፋርኛ የሚናገር መሐንዲስ የጉድጓድ ቁፋሮ ሪፖርት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጽፎ የሚያርምለት ቢፈልግ ከጃፓንኛው ተማሪ የበለጠ ይንከራተታል።

የሁለቱ ችግር አንድ ዓይነት ስለሆነ መፍትሔውም ሊቀራረብ ይችላል። በሰመራና በአዋሽ የሚገኙ አባላት ማለዳ ከቶኪዮ ጋር የሚያደርጉትን ልውውጥ ማታ ከጎን ከሚቀመጠው ባልደረባ ጋር ሊያደርጉት ይችላሉ፤ አንዱ አንድ ገጽ ዐፋርኛ ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል፤ በምትኩ አንድ ገጽ አማርኛ ይታረምለታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ደብተርና አንድ ጠረጴዛ ነው፤ የኢንተርኔት መቋረጥም አያግደውም። ከውኃ ቁፋሮና ከመንገድ ሥራ የሚወጡት የመስክ ቃላት በዚያው ደብተር ቢሰበሰቡ፣ ይህ መጽሔት በሚቀጥለው ዓመት እትሙ ለእነርሱ የሚሆን ሁለት ገጽ ሊያወጣላቸው ይችላል።