ለበዓልና ለሽርሽር የምትሆን ትንሽ ካሜራ ስለ መምረጥ

(ከጥምቀት ጉዞ አስቀድሞ በፉሪ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር ቃል)



የማኅበራችን የጉዞ ክፍል ከአባላት በተዋጣው ገንዘብ አንዲት ትንሽ ካሜራ ለመግዛት ስላሰበ፣ የትኛዋ ዓይነት እንደምትሻል አስተያየታችንን እንድናቀርብ ታዘናል። እኛ በፎቶግራፍ ሙያ የሠለጠንን አይደለንም። ይሁን እንጂ ሳናውቅ ገዝተን፣ ሳናውቅ አንሥተን የተጸጸትን ስለሆንን፣ ጸጸታችን ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ለመናገር ደፍረናል።

ነገሩን ከደረሰብን እንጀምር። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ፉሪ ቤት ተከራይተን ስንኖር፣ የቤቱ ባለቤት እትዬ እያልን የምንጠራቸው አሮጊት ነበሩ። የጥምቀት ዕለት የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፍ ላይ ቆሙና «እስቲ ልጆቼ፣ አንድ ጊዜ አንሡኝ» አሉን። በእጃችን በነበረችው ትንሽ ካሜራ ዐሥራ አንድ ጊዜ አነሣናቸው። ቀሚሱ ከነጥልፉ፣ ከበስተኋላ ያለው የፉሪ ተራራ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ፊታቸው ግን በዐሥራ አንዱም ላይ ጥቁር ጥላ ነበር። «ግድ የለም፤ ለፋሲካ እንደገና እናነሣዎታለን» አልናቸው። የካቲት ሳያልቅ ዐረፉ።

ልጆቻቸው «የእናታችንን ፎቶግራፍ ያነሣችሁ እናንተ ናችሁ» ብለው ወደ እኛ መጡ። ምስሉን በኮምፒዩተር ልናበራው ሞከርን፤ የወጣልን ግን ፊት ሳይሆን የነጥብ ክምር ሆነ። በመጨረሻ ከመታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶግራፍ ጎላ ተደርጋ በለቅሶው ቤት ተሰቀለች። እንዲያ ይስቁ የነበሩ ሴት፣ ለልጅ ልጆቻቸው የተረፉት ኮስተር ብለው ነው።

በዚያን ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በካሜራይቱ ላይ ጣልነው። ኋላ ግን ስንመረምር የእኛም አለማወቅ እንዳለበት ተረዳን። ካሜራ ብርሃንን በራሷ ስትለካ ያየችውን ሁሉ አማክላ ወደ መካከለኛ ግራጫ ልታስጠጋ ትሞክራለች። ከፊቷ ነጭ ነጠላና ብሩህ ሰማይ ሲበዛባት «ብርሃኑ በዝቷል» ብላ ምስሉን ታጨልማለች። በዚህ ጊዜ ነጩ ልብስ ይተርፋል፤ የጠይም ሰው ፊት ግን ይሰጥማል። ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ኮዳክ የተባለው ኩባንያ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፎቶግራፍ አጣቢዎች ያድለው የነበረው፣ «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው የቀለም ማመሳከሪያ፣ የነጭ ሴት ምስል ነበረበት። ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሰዎች ያካተተ ካርድ የተዘጋጀው በ1990ዎቹ ነው። እንግዲህ ዕቃው ሲሠራ የእትዬ ፊት በአሳቡ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ መራጩ እርሳቸውን በአሳቡ ይዞ መምረጥ ይገባዋል።

ከዚህ በመነሣት የመጀመሪያው ጥያቄያችን እንዲህ ይሁን፦ ካሜራይቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት የብርሃን ማስተካከያ አላትን? ነጭ የለበሰ ሰው ሲነሣ ይህንን ወደ +1 ማድረግ የሚገባውን ብርሃን እጥፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው ጥያቄ፦ ፍላሽ መብራት አላትን? ብዙ ሰው ፍላሽ ለሌሊት ብቻ ይመስለዋል። ፉሪ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትቆማለች። ባርኔጣና ነጠላ ዓይንን ያጠላሉ፤ ይህንን ጥላ ከሁለት ሦስት ሜትር ርቀት የሚያነሣው የቀን ፍላሽ ነው። ሁለቱም ባይኖሩ ደግሞ ሰውዬውን ከቤቱ ጥላ ሥር አቁሞ፣ ሰማዩን ከምስሉ አስወጥቶ ማንሣት ነጻ መድኃኒት ነው። እኛም ይህንን ብናውቅ ኖሮ ባለችን ካሜራ በተሳካልን ነበር።

ትንሽ ካሜራ የሚለው አሳብ አዲስ እንዳልሆነ ማስታወስ ደግ ነው። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ ፎቶግራፍ አንሺ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲሠራ፣ ልጆቹም ከእርሱ በኋላ ሙያውን ሲቀጥሉ፣ በጊዜው ፎቶግራፍ የቤተ መንግሥትና የስቱዲዮ ነገር ነበረ። በሌላው ዓለም ግን ኮዳክ በ1900 እ.ኤ.አ. ብራውኒ የተባለችውን ሣጥን በአንድ ዶላር መሸጥ ጀመረ። በ1925 ላይካ ወጣች። በ1959 ኦሊምፐስ በአንድ ባለ 36 ፊልም 72 ምስል የምታነሣ ፔን የምትባል ካሜራ አወጣ። በ1967 ደግሞ ያው ኩባንያ ትሪፕ 35 ብሎ፣ ስሟ ራሱ ጉዞ ማለት የሆነ፣ ባትሪ የማትፈልግ ካሜራ አቀረበ። ብርሃን ሲያንሳት በመመልከቻዋ ውስጥ ቀይ ምልክት አውጥታ አልነሣም ትል ነበር። ይህች ካሜራ እስከ 1984 ድረስ ተሠርታለች። ምሥጢሯ ግልጽ ነው፦ ተጓዡ የሚፈልገው ጥቂት ነገር መሆኑን ዐውቃ ያንን ጥቂት ነገር በደንብ ትሠራ ነበር።

አሁን ወደ ጉዟችን እንመለስ። መንገዳችን ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የሚወስደው ነው። በዚህ አንድ መንገድ ላይ ካሜራን የሚፈትኑ ሦስት ቦታዎች አሉ።

አንደኛው መልካ ቁንጥሬ ነው። በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለው ይህ የጥንተ ሰው ሥፍራ በ2024 እ.ኤ.አ. ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ሸለቆው ሰፊ ነው፤ ወፎቹም ሩቅ ናቸው። ወፍ ለማንሣት አቅራቢ መነጽር ያስፈልጋል። ነገር ግን በሣጥኑ ላይ «ዲጂታል ዙም» የሚለውን አንመን። እርሱ ምስሉን ቆርጦ መለጠጥ እንጂ ማቅረብ አይደለም። እውነተኛው «ኦፕቲካል» የሚባለው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ከዚያው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኘው ከአለት የተፈለፈለው አዳዲ ማርያም ነው። ውስጡ ጨለማ ነው። የካህናቱን ፈቃድ ሳይጠይቁ ማንሣት ነውር ነው፤ ቢፈቅዱም ፍላሽ ማብራት አይገባም። እዚህ የሚፈረደው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ስፋት ነው። በርካሾቹ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ገጽ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ «አንድ ኢንች» የሚባለው 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የመነጽሩ አፍ ነው። 1.8 የሚል ቁጥር ያለው መነጽር 3.5 ከሚለው አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋልና። አራት ጊዜ አራት ዐሥራ ስድስት ይሆናል። አንዷ ካሜራ በሰከንድ አራተኛ፣ ማለትም እጅ እየተንቀጠቀጠ፣ የምታነሣውን፣ ሌላዋ በሰከንድ ስልሳኛ ጥርት አድርጋ ታነሣዋለች። በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሜጋፒክስል ብዛት ግን በዚህ ጨለማ ውስጥ አያድንም።

ሦስተኛው ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጢያ ትክል ድንጋይ ነው። ሥፍራው 36 ሐውልቶች ሲኖሩት ከእነዚህ 32ቱ የተቀረጸባቸው ናቸው። የሰይፉ ቅርጽ በቀትር ብርሃን ይጠፋል፤ በማለዳና በሠርክ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን ጎልቶ ይታያል። ስለሆነም እዚህ የሚያስፈልገው ውድ ካሜራ ሳይሆን በማለዳ መነሣት ነው። ለጉዞ አስተባባሪው ወንድማችን ይህንን አደራ እንላለን።

«ታዲያ ስልካችን አይበቃምን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በዓለም ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. ከ100 ሚሊዮን በላይ ትናንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ወደ ገበያ ሲላኩ፣ በ2023 የተላኩት ከ2 ሚሊዮን በታች ነበሩ። ይህን ያደረገው ስልክ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ደኅና ስልክ ያለው ሰው ጠባብ ገጽ ያላትን ርካሽ ካሜራ ቢገዛ ገንዘቡን ጣለ። ካሜራ ሊገዛ የሚገባው ስልክ የማይሰጠውን ስትሰጥ ብቻ ነው፦ ሰፊ ገጽ፣ እውነተኛ ማቅረቢያ፣ ብርቱ ፍላሽ፣ በፀሐይም ቢሆን ዓይን ተደቅኖ የሚያይበት መመልከቻ። አንድ ሌላ ጥቅምም አላት። ስልክ የአንድ ሰው ነው፤ ሲጠፋ የሁሉም ምስል አብሮ ይጠፋል። ካሜራ ግን የማኅበር ንብረት ልትሆን፣ ከእጅ ወደ እጅ ልትተላለፍ ትችላለች።

አሮጌ ዕቃ የምንገዛ ከሆነ ጥቂት ነገሮችን ሳናይ ገንዘብ አንክፈል። መነጽሩን ወደ ብርሃን አድርገን እንመልከት፤ በክረምት እርጥበት የሚያድግ የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ካለበት እንተወው። ነጭ ግድግዳ አንሥተን ምስሉን እንመርምር፤ ጥቁር ነጥብ ከታየ ውስጥ አቧራ ገብቷል። መነጽሩን ዐሥር ጊዜ እንክፈተው እንዝጋው። ባትሪው ያበጠ እንዳይሆን እንዳስሰው። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር ስለምንኖር በስልክ ገመድ ከተንቀሳቃሽ ባትሪ የምትሞላ ብትሆን ይመረጣል። የማስታወሻ ካርዱንም በምስል ሞልተን እንፈትን፤ ሐሰተኛው የሚታወቀው ሲሞላ ነውና። ፊልም የምትወዱ ደግሞ ካሜራውን ከመግዛታችሁ በፊት ፊልሙን የሚያጥብላችሁን ሰው ፈልጉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በበዓል ዋዜማ ገበያ ሮጦ የገዙት ካሜራም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ውሳኔያችን ይህ ነው፦ አንድ ኢንች ገጽ፣ 1.8 መነጽር፣ ሦስት እጥፍ የሚያቀርብ ዙም፣ ፍላሽና የብርሃን ማስተካከያ ያላት፣ በደንብ የተያዘች አሮጌ ካሜራ ከአዲሲቱ ርካሽ ትሻላለች። ወፍ ወዳጆች ቅር ይበላችሁ እንጂ የማኅበሩ ጉዞ ከወፍ ይልቅ ሰው ይበዛበታል። የተዋጣው ገንዘብ ለዚህች ካሜራ ካልበቃ ምንም አንግዛ፤ ባሉን ስልኮች አንሥተን ገንዘቡን ለማሳተሚያ እናውለው።

ስለ ማሳተም አንድ ቃል ጨምረን እንጨርስ። በኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠ ምስል ማሽኑ ሲበላሽ ይሄዳል፤ በወረቀት ታትሞ ለባለቤቱ የተሰጠ ግን ግድግዳ ላይ ይኖራል። ፉሪ እርሻና ሣር የነበረችበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ሜዳው ግን በዓይናችን ፊት ሕንጻና የባቡር ሐዲድ ሆኗል። ከጢያ በፊት፣ ከአዳዲም በፊት፣ የካሜራችን የመጀመሪያ ሥራ በሰፈራችን ይሁን ብለን እናሳስባለን። ከጥምቀት በፊት ባለው ቅዳሜ እየዞርን፣ ፈቃዳቸውን እየጠየቅን፣ ከጥላ ሥር አስቀምጠን፣ ፊታቸው እስኪታይ ድረስ እናንሣቸው፤ የታተመውንም በእጃቸው እንስጣቸው። «ለፋሲካ እናነሣዎታለን» የሚለውን ቃል ሁለተኛ ለማንም አንናገርም።