ስሙ አንድ፣ በሽታው ሁለት
(መርሳ ላይ በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ አንዲት አባላችን ያቀረበችው ንግግር)



ሆዴ ሲያብጥ ጎረቤት «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ይለኝ ነበር። ክንዴ ግን ከስቶ ቀሚሴ ሰፍቶኛል። ማታ ማታ ያልበኛል፤ ትኩሳቱም አይለቀኝም። አንድ ሕክምና ቤት በአልትራሳውንድ አይተው «ሆድሽ ውሃ ቋጥሯል፣ እብጠትም አለ፤ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል» አሉኝ። እኔ «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ትቼ «ነቀርሳ» የሚለውን ብቻ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ በሬውን ሸጦ ሊያሳክመኝ ቢነሳ «ለምትሞት ሴት የልጆቼ እንጀራ አይሸጥም» ብዬ ከለከልኩት። ሦስት ወር ተኛሁ።

ከአልጋ ያነሱኝ የማኅበራችን ሴቶች ናቸው። ከቁጠባችን የመኪና ብር አውጥተው «አብሽሪ፣ መጀመሪያ ይታወቅ» ብለው ሁለት ሆነው ሆስፒታል ወሰዱኝ። ከሆዴ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር የሆድ ቲቢ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያሳስተናል። ካንሰርን ነቀርሳ እንላለን፤ ቲቢንም የሳንባ ነቀርሳ እንላለን። ቲቢ ደግሞ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀመጥም። አንጀትንና የሆድ ዕቃን ሽፋን ይይዛል፤ ያከሳል፣ ውሃ ያስቋጥራል፣ እብጠት ያወጣል። ሴት ላይ ሲሆን የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ይመስላል። በአልትራሳውንድ ብቻ ሐኪምም ሊሳሳት ይችላል፤ በደንብ የሚለየው ናሙናው ሲመረመር ነው። አሜባም አንዳንዴ አንጀት ላይ እብጠት ያወጣል። በወንዝና በመስኖ ውሃ የሚይዘን ቢልሃርዝያም ደም የተቀላቀለ ሰገራ ያመጣል። ሁሉም መድኃኒት አላቸው።

እኔ 6 ወር ታከምኩ። መጀመሪያ 2 ወር 4 ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር 2 ዓይነት፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ። ሲሻለኝ ላቋርጥ ብል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ካቋረጥሽ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል» ብላ ተቆጣችኝ። ወተትም አፍልታችሁ ጠጡ፤ የታመመች ላም ጥሬ ወተት ቲቢ ያስተላልፋል።

ካንሰር የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። እሱም ቢሆን ቶሎ ከተደረሰበት ይሻላል። ስለዚህ ሆዷ ያበጠ፣ የከሳች፣ ሰገራዋ ደም ያለበት ሴት ብታዩ ስም አታውጡላት፤ ይዛችኋት ሂዱ። ሐኪሙንም «በምን አወቁት? ናሙና ተመርምሯል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ማኅበራችንን የምትረዱ ወዳጆች፣ እኔን ያተረፈኝ የመኪና ብርና አብሮኝ የሄደ ሰው ነው። ይህ ለሌላዋም እንዳይጓደል አደራ።

በሬው አልተሸጠም፤ ዘንድሮም አርሷል።