አራት ተገጥሞ ሦስት የማይሞላው፦ ኮምፒዩተር ያለውን ራም ሁሉ ለምን አያሳይም?

(በእነዋሪ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ)



ስለ ኮምፒዩተር ጥገና እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ጥገና በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለምና አንዲት ጥያቄ ብቻ መርጫለሁ። ይኸውም 4 ጊጋባይት ራም የተገጠመለት ኮምፒዩተር ስለ ምን ሦስት እንኳ የማይሞላ ቁጥር ያሳያል የምትለው ናት። ራም የምንለው ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ የያዘውን ሥራ የሚዘረጋበት ጊዜያዊ ማኅደር ነው፤ መብራት ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን በእርሷ ምክንያት አንዲት ንጹሕ ሴት የደመወዛቸውን ቁራጭ ሊያጡ ሲሉ ስላየሁ፣ ለጥፋቱም እጄ ስላለበት፣ ከዚያ ብጀምር ይሻላል።

በ2004 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒዩተር ባለሙያነት አገለግል ነበር። ዐሥራ አንድ ዴስክቶፖች ተገዝተው ገቡ። በሞዴል 19 ላይ የእያንዳንዱ ራም 4 ጊጋባይት ተብሎ ተመዘገበ፤ በቴክኒክ አረካካቢነት የፈረምሁትም እኔ ነበርሁ። በዓመቱ መጨረሻ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ መጣና ማሽኖቹን አንድ በአንድ እያስነሣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፈ። ዘጠኙ 2.98 አሉ። ኮሚቴው «ጉድለት» ብሎ መዘገበ፤ ጉድለት ካለ ደግሞ የሚጠየቀው የንብረት ክፍል ነው። እኔም ተጠርቼ ስክሪኑን አየሁና «አዎን፣ ይጎድላል» አልሁ። ቃሌ በቃለ ጉባኤ ገባ፤ ፈረምሁበት።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ። ከስብሰባው ስንወጣ በረንዳው ላይ ጠብቀውኝ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ በካርቶን ተረክቤ በካርቶን ነው ያስረከብሁት። ሆዳቸው ምን እንደሚመስል እንኳ አይቼ አላውቅም» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ «እትዬ፣ ነገ ከፍቼ አየዋለሁ» ብዬ ሄድሁ።

ሌሊቱን ያስጨነቀኝ ሒሳቡ ነው። ከ4.00 ላይ 2.98 ሲነሣ 1.02 ይቀራል። በእነዚያ ማሽኖች ውስጥ ያሉት ራሞች እያንዳንዳቸው 2 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት ሁለት ዘንጎች ናቸው። ሌባ ቢገባ ዘንጉን ሙሉ ነቅሎ ይወስዳል እንጂ ከዘንጉ ላይ 1.02 ቆርጦ አይሄድም፤ ከዘጠኝ ማሽን እኩል እኩል መቁረጥማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። በማግሥቱ ከፈትኋቸው። ሁለቱም ዘንጎች በየቦታቸው ተሰክተዋል። ስክሪኑንም እንደገና ባነብ፣ ዊንዶውስ ሁለቱንም ቁጥር ጽፎት ኖሯል፦ የተገጠመው 4.00፣ በቅንፍ ውስጥ ደግሞ አገልግሎት ላይ ሊውል የሚችለው 2.98። ኮሚቴው ያነበበው ቅንፉን ብቻ ነበር። ባለሙያ ተብዬው እኔም እንደዚያው።

ታዲያ 1.02 ጊጋባይት የት ገባ? ፖስታ ቤትን አስቡ። ደብዳቤ የሚደርሰው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ላለው ሰው ነው፤ ሣጥኑ ቢኖርም ቁጥር ካልተሰጠው እንደሌለ ይቆጠራል። ኮምፒዩተርም እያንዳንዷን ባይት የሚያገኛት በቁጥሯ ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ማሽኖች ላይ የተጫነው ዊንዶውስ 7 ባለ 32 ቢት ነበር፤ ቁጥሩን የሚጽፈው በ32 የዜሮና የአንድ አኃዞች ነው። በእነዚህ ሊጻፉ የሚችሉት ቁጥሮች ሁለትን 32 ጊዜ በማባዛት የሚገኙት 4,294,967,296 ብቻ ናቸው፤ ይህም ልክ 4 ጊጋባይት ነው። «እንግዲያስ ይበቃል» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከዚያው መዝገብ ቁጥር የሚፈልገው ራም ብቻ አይደለም። ግራፊክስ ካርዱ፣ የኔትወርክ ካርዱ፣ ባዮሱ የተጻፈበት ቺፕ ሁሉ ቁጥር ይሻሉ፤ የላይኛው የመዝገቡ ክፍልም ለእነርሱ ተይዟል። በዚያ ቁጥር ሊጠራ የነበረው ራም በቦታው ተቀምጦ ስም አጥቶ ይቀራል።

የጅሩ ገበሬ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። በዚህ ጥቁር አፈር ላይ ውሃ ማጠንፈፊያ ቦይ ሳይወጣ ስንዴ አይበቅልም፤ ቦዩ የያዘው መሬት ደግሞ አይዘራበትም። ማሳውን የለካ ሰው ከተዘራው በላይ ያገኛል፤ ማንም ግን መሬት ተሰረቀ አይልም።

ነገሩ አዲስ አለመሆኑንም ልብ በሉ። አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሩ በ20 ቢት ቁጥር ይጠራ ስለነበር ከ1 ሜጋባይት በላይ አያውቅም ነበር። ከዚያ ላይ 384 ኪሎባይት ለስክሪንና ለመሰል ክፍሎች ተይዞ ለፕሮግራም የቀረው 640 ብቻ ነው። ያ አጥር ሰውን ለብዙ ዓመታት አስቸግሯል። የ4 ጊጋባይቱም አጥር የሒሳብ ብቻ አይደለም። ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በ36 ቢት እስከ 64 ጊጋባይት የሚጠሩበት መንገድ ነበራቸው፤ ማይክሮሶፍት ግን ብዙ ድራይቨሮች ከዚያ በላይ ባለው ቁጥር ስለሚሰናከሉ ለተራው ተጠቃሚ የሚሸጠውን ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ በ4 ገደበው። ውሳኔው አስተዋይ ነበር እላለሁ፤ በግልጽ አለመነገሩ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል።

መድኃኒቱ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ መጫን ነው። ባዮሱም ስሙን ያጣውን ራም ከ4 ጊጋባይት በላይ ባለ አዲስ ቁጥር እንዲጠራው መፍቀድ አለበት፤ በአንዳንድ ማሽን ይህ በባዮሱ ውስጥ መከፈት ያለበት ምርጫ ነው። ሁሉም ማዘርቦርድ ግን አይችልም። ኢንቴል 945 በተባለው ቺፕሴት የተሠሩት ቁጥራቸው በ4 ጊጋባይት ስለሚያበቃ፣ ባለ 64 ቢት ብትጭኑባቸውም ያው ከሦስት ጥቂት ከፍ ብለው ይቆማሉ።

ከዐሥራ አንዱ የቀሩት ሁለቱስ? አንዱ ቀደም ብሎ ባለ 64 ቢት ተጭኖበት ስለነበር 3.89 አለ፤ ጥቂቷን የወሰደው የራሱ ራም የሌለው ግራፊክሱ ነው። ሌላው ግን ቅንፍ የሌለው 2.00 አሳየ፤ ባዮሱም ያው 2 አለ። የእውነት ችግር የነበረበት እርሱ ብቻ ነው። ዘንጉ በመጓጓዝ ብዛት ከማስገቢያው ላላ ብሎ፣ ወርቅማ እግሮቹም አቧራ ጠጥተው ነበር። ከመብራት ነቅዬ፣ እግሮቹን በለስላሳ ላጲስ ጠርጌ፣ ሁለቱ መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ ብጫነው አራቱን አሳየ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው ባዮሱን ነው። ባዮሱ ራሱ ካሳነሰ ነገሩ የእጅ ነው፦ ዘንጉን አውጥቶ መክተት፣ ቦታ ማለዋወጥ፣ አንድ በአንድ መሞከር፣ ጥርጣሬ ካለ በሜምቴስት86 ሌሊቱን ማስፈተሽ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢንቴል የራሙን ተቆጣጣሪ ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስላስገባው፣ በፕሮሰሰሩ መቀመጫ ላይ የጎበጠች አንዲት ፒን እንኳ ጤነኛ ዘንግ ልታሳጣ ትችላለች። ባዮሱ ሙሉውን ቆጥሮ ዊንዶውስ ብቻ ካሳነሰ ዊንድራይቨር መያዝ አያስፈልግም፤ ቢቱንና የዊንዶውሱን ዓይነት ማየት ይበቃል። ዊንዶውስ 7 ስታርተር ከ2 አያልፍም፤ ባለ 64 ቢቱ ሆም ቤሲክ ከ8፣ ሆም ፕሪሚየም ከ16 አያልፍም። አልፎ አልፎም ሰው በኤምኤስኮንፊግ ውስጥ «ማክሲመም ሜሞሪ» የምትለውን ሣጥን ፍጥነት ትጨምራለች ብሎ ቁጥር ይጽፍባትና ራሙን በገዛ እጁ ያጥራል፤ ምልክቱን ማንሣት ነው። ትምህርት ቤቶች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ተጨማሪ ራም ከመግዛታችሁ በፊት ማዘርቦርዱ እስከ ስንት እንደሚቀበል አረጋግጡ፤ የተገዛው ብር በማሽኑ ውስጥ ተቀብሮ ሲቀር አይቻለሁ።

ወደ ኮሚቴው ተመልሼ ሁለት ማሽን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁ፤ አንዱን እንደነበረ፣ አንዱን 64 ቢት ጭኜበት። ሰብሳቢው ዘንጎቹን በጣታቸው ቆጠሩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ዝም አሉ። ጉድለቱ ተሰረዘ። የእኔ «አዎን፣ ይጎድላል» ግን ከነፊርማዬ በዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ ይኖራል፤ ቀለም አይፋቅም። እትዬም ከዚያ በኋላ ማሽን ሲረከቡ ክዳኑን አስከፍተው ዘንጉን ሳያዩ አልፈረሙም።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ማሽን ከእናንተው መካከል የመጣ ነው፤ 4 ገብቶለት 3.25 ይላል ተብያለሁ። አስቀድመን ባዮሱን እንየውና ከዚያ እንክፈተው። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ አንድ ሰው ገመዱን ለመንቀል ግድግዳው አጠገብ ይቁምልኝ።